የእህቴ ተጎታች

ወዳጄ፣ «ሞተር የሴት አይደለም» እያሉ እህቴን ያሟት ጎረቤቶቻችን ዛሬ ባዩአት! እዚህ በመጣንበት ከተማ ስኩተሯ ላይ ራሷ የበየደቻትን ትንሽ ተጎታች አስራ ዕቃ ታመላልሳለች። ጠዋት የአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊን የስፌት መኪና ጭና ከሰፈራችን አቀበት የባሰ ጠባብ ዳገት መውጣት ጀመረች። «ልጄ፣ እንጀራዬ ናት፣ አደራ!» አሏት ሽማግሌው፣ ከእኔ ጋር በእግር እየተከተሏት። መሃል ላይ ተጎታቿ ወደ ኋላ ስትስባት ልገፋ ሮጥኩ። «ተይው፣ እችለዋለሁ!» ብላ ወደ ፊት ጎንበስ አለችና ነዳጁን ቀስ እያለች ሰጠችው። ወጣችው! ሽማግሌው ግንባሯን ስመው ወደ እኔ ዞሩና «አንቺስ ምኗ ነሽ?» አሉኝ። «ታላቅ እህቷ ነኛ!» አልኩ፤ ድምፄ ዳገቱ ሥር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ቦታ አለቀብኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም እቀፊልኝ። ለጎረቤቶቻችን ደግሞ ይህን ካርድ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።