«እኔን» ያለች አሥር ፑሽአፕ

ለእህቴ ለሐመልማል ገብረ ክርስቶስ
ደነባ

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም እቤታችሁ ይግባ። ጤናሽ እንዴት ነው እታለም? ወገብሽስ? ጭቃው ደርቆልሽ እንደ ልብሽ ትራመጃለሽ? አባባ ሳሉ ተዋቸው? ማቲዎስ ደብተሩን ይዟል ወይስ አሁንም ኳሷን ነው? የምስሩ ማሳ እንዴት ያዘ? እኔ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነውና የሚጻፈው። ግን ናፍቆት ይሁን ሌላ ነገር ለራሴም ስላልገባኝ ተውኩት። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አክስቴ በለጡ ቤት የጎደለብኝ ነገር የለም። ደህና ናት በይኝ።

ስልኬን እንደማታነሺ አውቃለሁ። ማቲዎስ እያነሳ «እጇ ሊጥ ነው» ይለኛል። አራት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ይህን ያህል የሚቦካ ሊጥ የለም። አልተቀየምኩም። ብታነሺልኝም «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ብዬ ነበር የምዘጋው። ስለዚህ ጻፍኩ። የደነባን መኪና የሚነዳው ጋሼ እንድርያስ እጅሽ ላይ ያደርስልኛል። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ብትፈልጊ እሳት አያይዢበት።

እማዬ ግንቦት መጨረሻ ላይ ስታርፍ የመውጫ ፈተናዬን እስክጨርስ እንዳይነገረኝ ያልሽው አንቺ እንደሆንሽ አክስቴ ነግራኛለች። ስደውል «ተኝታለች» ትዪኝ ነበር፤ ድምፅሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ፈተናው ባለቀ ማግስት ማለዳ ስነሳ ሳሎኑ ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ጎረቤቶች ሞልቷል። ሲያረዱኝ ሰማሁ። ሁሉንም ሰማሁ። ከዚያ «ቁርስ ላቅርብ?» ያልኳቸው ይመስለኛል።

ለአርባዋ መጣሁ። የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን ከእኔ በኩል ሰምተሽው አታውቂም። የጠላውን እንስራ ይዘሽ ወደ ዳሱ ስትሻገሪ ጭቃው አዳለጠሽና በወገብሽ ወደቅሽ። ዳስ ሙሉ ሰው «እኔን! እኔን!» ብሎ ተነሣ። ዓይናቸው የማያየው ጎረቤታችን እማሆይ እንኳ ድምፁን ሰምተው «እኔን ልጄ» አሉ። እኔ ፊት ለፊትሽ ነበርኩ፣ የብርጭቆ ትሪ ይዤ። የፈሰሰው ጠላ የት ድረስ እንደሚሄድ እያየሁ ነበር። የዳሱ ምሰሶ ሥር ሲደርስ ቆመ። አንቺ ጭቃው ላይ እንደተቀመጥሽ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ሰው ከተበተነ በኋላ «ልብሽን አዲስ አበባ አስቀምጠሽ ነው የመጣሽው። ዕንባውስ ይቅር፣ ለወደቀ ሰው እኔን ማለት ከበደሽ?» አልሽኝ። ብርጭቆዎቹን ላጥብ ወደ ጓዳ ገባሁ። ንቄሽ መስሎሻል። አልናቅሁሽም።

ከተመለስኩ ወዲህ ቁጭ አላልኩም፤ ታውቂኝ የለ። በስታቲስቲክስ ተመርቄ አልጋ ላይ ማፍጠጥ አልችልበትም። ሃያ ሦስት ቦታ ሲቪ አስገባሁ፣ መንጃ ፈቃድ ጀመርኩ፣ ሁለት ቦታ ለኢንተርቪው ተጠራሁ። አንደኛው «እንደውልልሻለን» ብሎኛል፤ ይደውላሉ፣ አልጠራጠርም። አክስቴ ግን ሌላ ነገር ሳትታዘብ አልቀረችም። «ይቺ ልጅ ትሮጣለች እንጂ አትኖርም» ብላ ለጎረቤታችን ልጅ ለጋዲሴ ነገረቻት። ጋዲሴ ደግሞ ጁዶ ትማራለች። አስቢው፣ ጁዶ! የሰው ልብስ ጨምድዶ መሬት ላይ መጣል።

የምንማረው ከዋናው መንገድ ወደ ላይ ስትወጪ፣ ባሕር ዛፎቹ ከሚጀምሩበት ሥር ባለ የወጣቶች አዳራሽ ነው። ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሴቶች ነው። የመጀመሪያው ቀን በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሁለተኛው ከውስጥ ሰው ዷ ብሎ ሲወድቅ ሰማሁና ሳሙና ለመግዛት እንደወጣ ሰው ሱቅ ገብቼ ሳሙና ገዛሁ። በሦስተኛው ጋዲሴ ክንዴን ይዛ «ዛሬ ካልገባሽ እዚሁ በር ላይ ነው የምጥልሽ» አለችኝ። ጫማሽን አውልቂ ስባል ካልሲዬ ተቀዶ አውራ ጣቴ ወጥቶ ሁሉንም ሰላም ይላል። ጫማዬን መልሼ ላጠልቅ ጎንበስ አልኩ፤ እንደዚያ ፈርቼ ነበር። ታዲያ አትሳቂብኝ እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሰኔ ወዲህ አንድ ነገር ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፍርሃትም ቢሆን።

አሠልጣኛችን ፌበን ትባላለች። ቁመቷ ትከሻዬ ላይ አይደርስም፣ ድምፅዋ ግን መገናኛ ድረስ ይሰማል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስተማረችን መውደቅ ብቻ ነው። አገጭሽን ደረትሽ ላይ ትሰበስቢያለሽ፣ ጀርባሽን ታጎብጫለሽ፣ በክንድሽ ፍራሹን ትመቺዋለሽ። አባባ ለመውደቅ ትምህርት ቤት መግባቴን ቢሰሙ «ይህንማ የኛ ጭቃ በደንብ ያስተምርሽ የለም ወይ» ይላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ስሜ በተጠራ ቁጥር ሽንት ቤት ነበር የምሮጠው። ግን መቶ ጊዜ ከወደቅሽ በኋላ መቶ አንደኛው አያስፈራም። ፍርሃቱ እንደዚያ ሆኖ ሄደ። ሲሄድ ደግሞ በቦታው ምንም አልመጣም።

መጣል ስንጀምር ጉድ ፈላ። አንዷ ጓደኛዋን ትጥልና ወዲያው «ውይ እኔን!» ብላ ልብሷን ለቃ አፏን ትይዛለች። የእኔ ጥንድ ዘሀራ ናት። ሲግናል ሰፈር የልጆች ልብስ ሱቅ አላት፣ ራሷም የሦስት ልጆች እናት ናት፤ እሷማ ገና ሳትጥል ነው እኔን የምትለው። ፌበን ትዕግሥቷ አለቀ። «እዚህ ለቅሶ ቤት አይደለም! ስትለቋት እኮ ነው ጭንቅላቷ የሚመታው። አፋችሁ ከሚያዝን እጃችሁ እጅጌዋን ይያዝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔን ያለች አሥር ፑሽአፕ!» አለች። አዳራሹ ውስጥ ቆሞ የሚታይ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም በደረቱ ተደፍቶ በክንዱ እየገፋ ይነሳል። ዘሀራ በአንድ ቀን ስልሳ ደረሰባትና «ኧረ አሠልጣኝ፣ ምላሴን ሱቅ ቆልፌበት ልምጣ?» አለች።

እኔ አንድም ቀን አልተቀጣሁም። ዘሀራን እጥላለሁ፣ ቆሜ አያታለሁ፣ ትነሳለች፣ እንደገና እጥላታለሁ። ፌበን በሰው ሁሉ ፊት «ሥርጉትን እዩ! ቀዝቃዛ! ለጁዶ የተፈጠረች» አለች። አጨበጨቡልኝ። ሲያጨበጭቡ የታየኝ የአንቺ ፊት ነው፣ ጭቃው ላይ ሆነሽ ቀና ያልሽው። ያኔም የተለየ ነገር አልተሰማኝም። ታየኝ ብቻ።

ባለፈው ቅዳሜ በጠዋት ፌበን እንጦጦ ይዛን ወጣች። ከፓርኩ በር አለፍ ብሎ ሣር ያለበት ሜዳ አለ፤ እዚያ ላይ ባዶ እግራችንን አቆመችን። ብርዱ አይጣል ነው፤ ጣቶቼ የሌላ ሰው መሰሉኝ። ጋዲሴ ተጥላ ስትወድቅ ከማርያም የሚመለሱ አንዲት እናት ዣንጥላቸውን ወርውረው «እኔን ልጄን! ኧረ በእመብርሃን፣ ምን በድላሽ ነው?» እያሉ መጡ። ዘሀራ ቀበል አድርጋ «እማማ፣ አሥር ፑሽአፕ አለብዎት» አለቻቸው። ፌበን ራሷ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሄዱም፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ማን እንደሚወድቅ ይጠብቁ ጀመር።

የእኔ ተራ ደረሰ። ዘሀራን ያዝኳት፣ ዞርኩ፣ ወገቤን ከሥሯ አስገባሁ፣ በጀርባዬ ላይ ተሻግራ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ ፍራሽ ነበር፤ እዚህ መሬት ነው። የወደቀችበት ድምፅ ያ የዳሱ ድምፅ ሆነብኝ። «እኔን!» የሚል ሰማሁ። እማማ ናቸው ብዬ ዞርኩ። እሳቸው አፋቸውን ዘግተው ወደ እኔ ያያሉ። ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ዘሀራ ከሣሩ ላይ «እልል! በረዶዋ ተቀጣች!» አለች፤ ቀጥላ «ከመቀጣትሽ በፊት ግን እጅጌዬን ልቀቂኛ» አለችኝ። ለካ አልለቀቅኋትም። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ጨርቁን ጨምድደው ቀርተዋል፤ አንድ በአንድ ነው ያላቀቀችኝ።

ፌበን «አሥር!» አለች። ዘሀራ ቆጠረችልኝ። ስምንተኛው ላይ ክንዴ ከዳኝና ግንባሬ ሣሩ ላይ አረፈ። እርጥብ ነበር። ውሸት አልጽፍልሽም፣ አላለቀስኩም። ዕንባው አሁንም የለም፤ ይመጣ እንደሆነም አላውቅም። ሁለቷን ጨረስኩና ተነሣሁ።

ልቤ የት እንደነበረች አልነግርሽም፤ አላውቅማ። ቃሉ ግን ሳልጠራው መጣ። ከመጣ ደግሞ የዘሀራ ከመሆኑ በፊት የአንቺ ነበር። በሐምሌ ልልሽ የሚገባኝን በጥቅምት እልሻለሁ። እኔን እታለም። ለወገብሽ እኔን። እማዬን ብቻሽን አስታመሽ፣ ብቻሽን ሸኝተሽ፣ ለእኔ «ተኝታለች» እያልሽ ለከረምሽበት ሁለት ሳምንት እኔን። ሦስት ጊዜ አልኩ፤ ሠላሳ ፑሽአፕ ነው። ወረቀቱን እንዳጠፍኩ አክስቴ ሳሎን ውስጥ እሠራዋለሁ፤ እሷ ትቁጠርልኝ።

ስልኩን አንሺ አልልሽም። ጋሼ እንድርያስ ሲመለስ ወገብሽ እንዴት እንደሆነ ብቻ ንገሪውና ይንገረኝ።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ጋቢያቸውን ሳይደርቡ ደጅ እንዳይቀመጡ። ማቲዎስን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ሊጡን ትቶ ሌላ ምክንያት ይፈልግ በይው። ለእማሆይ፣ ያን ቀን የእኔን ድርሻ ጭምር ስላሉልኝ፣ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። አክስቴ በለጡ ሁላችሁንም በየስማችሁ ሰላም ብላለች፤ የላከችልሽን የወገብ ቅባት ማታ ማታ ተቀቢው፣ ቅባቱ ያቃጥላል፣ አይዞሽ።

ዘግይታም ቢሆን እጅጌሽን የያዘች እህትሽ፣
ሥርጉት ገብረ ክርስቶስ

የካ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.