ያልተነሳሁት ፎቶ

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ሰሌዳው ላይ ሌንስ እየሳልኩ ሳለሁ፣ ከኋላ አንዱ ተማሪ ሳቀ። ዞር አልኩ። ሳቁ አልቆመም። ድሮ ዞር ካልኩ ይቆም ነበር።

በእረፍት ሰዓት ባዮሎጂ የምታስተምረው ሰላም እጄን ይዛ ባዶ ክፍል አስገባችኝና ስልኳን ሰጠችኝ። ፎቶ። ትከሻ የሚያሳይ ቀሚስ ለብሼ የማላውቀው ወንድ ጭን ላይ ተቀምጫለሁ። ጠረጴዛው በቢራ ጠርሙስ ተሞልቷል። ፊቱ የኔ ነው፣ ፈገግታውም የኔ ነው። ከአንገት በታች ያለችውን ሴት አላውቃትም።

የተለቀቀው በቴሌግራም ቡድናችን ነው፣ ስም በሌለው ቁጥር። ቡድኑን የከፈትኩት ራሴ ነኝ፤ ትምህርት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ልጆቹ ከፊዚክስ እንዳይርቁ ብዬ። ቀስ በቀስ ወላጆችም ገቡበት። የእህል ዋጋ የሚጠይቅ፣ የጠፋ በሬ የሚያፈላልግ፣ የተዝካር ቀን የሚናገር። እኮራበት ነበር። ዛሬ ሀገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ አየኝ።

ርዕሰ መምህሩ ነገሩ እስኪበርድ ቤት ቆዪ አሉኝ። ውሸት ነው አልኳቸው። "አውቃለሁ" አሉ፣ መስኮት መስኮቱን እያዩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ከማስተምርበት ከተማ ከወገዳ ወደ ወላጆቼ ቤት መጣሁ። መኪናው ከሚያቆምበት በኋላ ያለው መንገድ በእግር ነው። እዚህ ሰው ሲገናኝ ስለ ራስ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ ጠይቆ ነው የሚያልፈው። ዛሬ ያገኘኝ ሁሉ "እንዴት ዋልሽ" ብሎ አለፈ። የከብቶቹን ደኅንነት የጠየቀኝ እንኳ የለም።

አባቴ ሞፈር እየጠረበ ነበር። ቀና አላለም። ሰምቷል ማለት ነው። እናቴ እግሬን አጠበችኝ። የሷ ስልክ የቁልፍ ነው፣ ፎቶ አያሳይም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ስልኩን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ድሮ ምስሯን ተሸክማ ገበያ ደርሳ ነው ዋጋ የምትሰማው። አሁን እስቴ ያለችውን እህቷን ደውላ ትጠይቃለች፣ ካልጣማት ትቀመጣለች። አባቴ ደግሞ በትንሿ ሬዲዮው መዝሙር ይሰማል። ሚሞሪውን የሞላለት ጌትነት ነው፤ ወገዳ ላይ ስልክ የሚጠግነው። አምና ሽማግሌ ልኮብኝ እምቢ ያልኩት ሰው። ያኔ አባቴ ሽማግሌዎቹን "ልጅቱ አልፈቀደችም" ብሎ ነበር የሸኛቸው። ለአንድ ሳምንት ያህል ከመሬት ከፍ ብዬ ነው የሄድኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ቀኑን ሙሉ ፎቶውን እንደ ፈተና ወረቀት አረምኩት።

ብርሃኑ ፊቴ ላይ ከግራ ይመጣል። ሰውነቷ ላይ ከቀኝ። አንድ አምፖል ነው ያለው። ይህን የዘጠነኛ ክፍል ልጅም ያውቀዋል፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ግን ፎቶ አይቶ ጥላ የሚፈልግ ማን አለ?

ከዚያ ጆሮዬን አየሁ። የግራው ጉትቻ የለም። የቆምኩበትን ቦታ አስታወስኩ፤ የተመረቅኩ ዕለት፣ ዶርም ውስጥ፣ አንዱ ጉትቻ ጭፈራው ላይ ጠፍቶብኝ ስስቅ ራሴን ያነሳሁት። አስቀያሚ ሆኗል ብዬ ለማንም አልላኩትም። ያለው ስልኬ ውስጥ ብቻ ነው።

ስልኬ ደግሞ ጥር ላይ ስክሪኑ ተሰብሮ ጌትነት ሱቅ አድሯል። ልሞክረው ብሎ ፓስወርዴን ጠይቆኝ ነበር። ነገርኩት። ሁሉም ይነግረዋል።

 

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ገና ሳይነጋጋ ሦስት ሽማግሌዎች ደጅ ላይ ቆሙ። ግቡ ቢባሉ አልገባም፣ ተቀመጡ ቢባሉ አልቀመጥም፤ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። የመጡት ከጌትነት ቤት ነው። መሪያቸው አያ ሙጨ፣ በዚህ አካባቢ ያላጋቡት ባልና ሚስት፣ ያላስታረቁት ጎረቤት የለም። ጌትነት በደረሰብኝ ነገር በጣም አዝኗል አሉ። እንዲህም ሆና ቢሆን አገባታለሁ፣ ስሟን እሸፍናለሁ ብሏል አሉ።

እንዲህም ሆና።

አባቴ እንዳምናው አልመለሳቸውም። "እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኑ" አላቸው። ቀጠሮ ሰጠ።

ስለ ጉትቻው ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "ይህን ማን ይረዳልናል?" አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እናቴን ከእስቴ የጠለፋት አባቴ ራሱ ነው። በቤታችን እንደ ቀልድ ሲወራ ነው ያደግነው፤ በቅሎዋ ወንዝ አልሻገርም ብላ አባቴን ውኃ ውስጥ እንደ ጣለችው፣ ሚዜዎቹ እንደ ሳቁበት። እኛም እንስቃለን። በቅሎዋ ላይ የነበረችው ልጅ ምን ትል እንደ ነበር ጠይቀን አናውቅም።

ያኔ ለጠለፋ በቅሎ ያስፈልግ ነበር፤ ጓደኛ፣ ጨለማ፣ ቢያንስ ጉልበት። አሁን ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ጣት ይበቃል። ሽማግሌው ግን ያው ሽማግሌ ነው፣ ንግግሩም ያው።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ኔትወርክ የለም። አለቀስኩ። ምስር ለቀምኩ። የአጎቴ ሚስት መጥታ "ጌትነት እኮ ሙያ አለው" ብላኝ ሄደች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ኮረብታው ላይ ወጣሁ፣ እዚያ ኔትወርክ ይይዛል። ጌትነት ፎቶዬን የሠራበትን ዓይነት አፕ አወረድኩ። አማርኛ እንኳ ይገባዋል፤ የፈለግሽውን ጻፊ ይላል። ባለፈው ጥር ሰርግ ላይ ያነሳሁትን አንድ ፎቶ ሰጠሁትና የምፈልገውን ጻፍኩ። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም።

እንዴት ቀላል ነው። ሲቀለኝ አስጠላኝ።

እሁድ፣ መጋቢት 14

ደብረ ዘይት። ስለ ፍርድ ቀን ተሰበከ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። አባቴ ከነሱ ጋር። ሴት ልጅ እዚያ አትቀመጥም። ተቀመጥኩ።

አያ ሙጨ መርቀው ነገር ሊጀምሩ ሲሉ ስልኬን ዘረጋሁላቸው።

"ይህን ሰው ያውቁታል?"

ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት። ፎቶው ላይ ሥጋ ቤት ናቸው። ነጩ ጢማቸው፣ ጋቢያቸው፣ ሁሉም አለ። በአንድ እጃቸው ቢላ፣ በሌላው ቀይ ጥሬ ሥጋ፣ ግማሹ አፋቸው ውስጥ። ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው አዩና በሹክሹክታ "በሁዳዴ?" አሉ።

"ማርያምን፣ እኔ አይደለሁም!"

ድምፃቸው ተሰነጠቀ። አዘንኩላቸው። በሕይወታቸው ጾም የገደፉ ሰው አይደሉም።

ሦስተኛው ሽማግሌ ስልኩን ተቀብለው በደንብ አዩ። "ሙጨ፣ ጥርሱን ከየት አመጣህ?" አሉ። ጥርስ የላቸውም፣ እውነት ነው። አፑ ሙሉ ጥርስ ሰጥቷቸዋል። ሁለቱ ሳቁ። አያ ሙጨ አልሳቁም።

"የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ትናንት፣ ያ ኮረብታ ላይ ተቀምጬ።"

"አጥፊው።"

እያዩ አጠፋሁት። "የኔን ማን ያጠፋልኛል?" አልኩና ስለ ጉትቻው፣ ስለ ጥላው፣ ስልኬ ስላደረበት ሱቅ አንድ በአንድ ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

አያ ሙጨ "አመንንሽ፣ ልጄ" አሉ። "ንጹሕ ነሽ። ግን ገበያውን ሁሉ እየዞርሽ ልታስረጂው ነው? ያየ ዓይን አይታጠብም። ልጁ ቢያጠፋም ፈልጎሽ ነው። አባትሽስ እናትሽን እንዴት አመጣት? ይኸው ኖሩ፣ ወለዱ፣ ከበዱ።"

አባቴ መሬቱን በበትሩ ይጭር ነበር።

እናቴ ጠላ ይዛ መጥታ ከኋላቸው ቆማለች፤ መቼ እንደ መጣች አላየሁም። ጋኑን የምትሸከምበት ዕድሜ አልፏል፣ ማንቆርቆሪያ ነው የያዘችው። በሁለት እጇ።

"ሙጨ" አለችው። አያ የለ፣ አንቱ የለ። "ያን ጊዜ አባቴ ደጅ የቆምከው አንተ ነህ። ከአባቴ ጋር ተነጋገርክ፣ ከወንድሞቼ ጋር ተነጋገርክ። እኔ እዚህ፣ በሩ ኋላ ነበርኩ። የጠየቀኝ አልነበረም። እስከ ዛሬም የጠየቀኝ የለም።"

ማንቆርቆሪያውን ሳትቀዳ ይዛው ተመለሰች። ሽማግሌዎቹ ምንም ሳይቀምሱ ሄዱ። እኛ ቤት እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

አባቴ ከወይራው ሥር ብቻውን ቀረ። ምን እንደሚያስብ አላውቅም። ፀሐይ ስትገባ ገባና ከሬዲዮው ሚሞሪውን አውጥቶ መደቡ ላይ፣ አጠገቤ አስቀመጠው። "ነገ ስትሄጂ ለዚያ ልጅ መልሺለት" አለኝ። እናቴን አላያትም፣ እሷም አላየችውም። ያለ መዝሙር ነው የመሸው።

ነገ ወገዳ ነኝ። ሌንሱን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት፤ ክፍሌ ገብቼ እጨርሰዋለሁ፣ የሚስቅ ይሳቅ። በማግሥቱ ስልኬን ይዤ ደብረ ታቦር ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ፣ ጌትነትን እከሳለሁ። ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ አላውቅም። ሥራዬም ይቆየኝ አይቆየኝ አላውቅም።

ይህን ግን አውቃለሁ። ያቃጠለኝ ሰው ውኃ ይዞ ሲመጣ በሬን አልከፍትም። ነገሩ እስኪበርድ ብዬ አልደበቅም፤ ነገሩ የኔ አይደለም። እና "አመንንሽ ግን" የሚለኝን፣ ርዕሰ መምህርም ይሁን ሽማግሌ፣ አባቴም ቢሆን፣ ከእንግዲህ አመነኝ ብዬ አልቀበልም።