ቀዩ ቀለም የተጠረገ ዕለት

አባዬ፣

ሚኪ ከቀበቶው ጨርቁን መዝዞ፣ ቤንዚን ነክሮ፣ የጎማው ዳዶ ላይ የነበረውን ቀይ ቀለም ጠረገው። ነገሬ የተበላሸው ያኔ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የራሴን ሙያ ለመያዝ ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ከተለዩን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ተዝካርዎን አውጥተናል። እማዬ እዚያው ክፋር ብራንዳይስ ቤታችን ናት፤ ወንበርዎን ወደ መስኮቱ አዙራ ማንንም አታስቀምጥበትም። በአማርኛ የምጽፍልዎት ዕብራይስጡን ስለማያነቡ ነው። ፊደል ሲያስቆጥሩኝ ምን ያደርግልኛል ብዬ አልቅሼ ነበር። ይኸው፣ ለዚህ ሆነኝ።

ከጦሩ ስወጣ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ግቢ አሉኝ፤ ውጤቱም ነበረኝ። እኔ የሞተር ብስክሌት፣ የባሕር ሞተርና የትራክቶሮን ጥገና ኩርስ፣ የሙያ ሥልጠና፣ ገባሁ። ትራክቶሮን ያውቁታል፤ ቅዳሜ አሸዋው ላይ ሲያጓራ እየሰሙ “ሰንበትን የሚያርሰው” ያሉት ባለ አራት ጎማው ነው። ከክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንደኛ የወጣሁትም እኔ ነኝ። የቀረኝ ልምምዱ ነበር። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሠርቼ ባለቤቱ ትችላለች ብሎ ሲፈርምልኝ ተዑዳዬን፣ የምስክር ወረቀቴን፣ እወስዳለሁ። ሚኪ የዚያ ጋራዥ ባለቤት ነው። ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ፣ እርስዎ ይጠርጉት ከነበረው ፋብሪካ ጀርባ።

መጀመሪያ ሞተሮቹን እጠቢ አለኝ፤ አጠብኩ። “ኻሙዳ” ይለኛል፣ ቆንጅዬ እንደማለት፤ ስሜን የያዘው አይመስለኝም። በኋላ አንድ ያስቸገረ ሞተር ሳስነሣለት መፍቻ ሰጠኝ። የእህቱ ልጅ ኤራንም አብሮኝ ይለማመድ ነበር።

በዚያ ጋራዥ አንድ ደንብ አለ። ዳዶው በልኩ ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው እስከ ብረቱ በቀለም አንድ መስመር ይሰመራል። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይለያያል፣ በዓይን ይታያል። ሁሉም የየራሱ ቀለም አለው፤ የኤራን ቀይ፣ የኔ ቢጫ። ቢጫዬን እወደው ነበር፣ አባዬ። እማዬ እንደነገረችኝ እዚያ በአገራችሁ ማረሻ ሲቀጠቅጡ ሰዎቹ ማረሻዎን ይወስዱ ነበር እንጂ እጅዎን አይጨብጡም ነበር፤ ቡዳ ነው እያሉ ይሸሹዎት ነበር። የኔ ቢጫ መስመር ግን ከሥራዬ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ይህን የሠራችው እሷ ናት ይላል ብዬ ነበር።

አንድ ወጣት ትራክቶሮኑን ከኛ ወስዶ አሸዋው ላይ ሲነዳ የፊት ጎማው ላላ፤ ተገልብጦ ትከሻው ተሰበረ። በተጎታች መልሰው ሲያመጡት ጎማው በሁለት ዳዶ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለቱም ላይ ቀይ አለ። ኤራን ሳያጠብቅ ቀለሙን ብቻ ቀብቶ ነበር። ሚኪም አየ፤ እኔ ማየቴንም አየ። ጨርቁን የመዘዘው ያኔ ነው። የልጅ ንፍጥ እንደሚጠርግ ሰው ቀስ አድርጎ ጠረገው። የወጣቱ አባት ሲገቡ ሚኪ ጣቱን ወደ እኔ ዘረጋ። አዲስ ናት፣ ገና እየተማረች ነው አላቸው።

ዝም አላልኩም። ቀይ ነበር አልኩ። የቱ ቀይ ብሎ ንጹሑን ዳዶ አሳየኝ። ኤራን ጫማውን ያያል። ሰዎቹ ሲሄዱ ሚኪ ለብቻዬ ጠርቶ ለስለስ አለ። ጥፋቱ የኔ ነው ካልኩ ይፈርምልኛል፣ ተዑዳዬን እወስዳለሁ፣ ሰውም ይረሳዋል። እምቢ ብዬ ወጣሁ። የኩርሱን ኃላፊ አነጋገርኳት፤ ሁላችንንም ጠርታ ልትሰማ ቀጠረችን።

ከዚያ የኛዎቹ ገቡበት። እማዬ ጨንቋት ወንድምዎን፣ አጎቴ ታከለን፣ ጠራች። እሳቸውም ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፣ ለኔ ሳይነግሩኝ ጋራዡ ሄዱ። በሩ ላይ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ልጃችን ናት፣ ልጅ ያጠፋል፣ ይማሯት አሉ። ሚኪ አልገባው ሲል አጎቴ ከሚያውቁት ዕብራይስጥ አንዷን ቃል መርጠው “ስሊኻ” አሉት። ይቅርታ።

በኛ ወግ ሽማግሌ አስቀድሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ማን እንዳጠፋ የሚጣራው ቁጣው በርዶ፣ ቁጭ ተብሎ ነው። ሚኪ ይህን ከየት ያውቀዋል? እሱ የሰማው ቤተሰቧ አመነ የሚል ነው። አቅፎ ውሃ አጠጣቸው፤ ይቅር ብያታለሁ አላቸው። አጎቴ ፊታቸው በርቶ መጥተው ነገሩ በሰላም አለቀ፣ እልል በሉ አሉን። በማግስቱ የኩርሱ ኃላፊ፣ ሚኪ ነግሯት፣ ደወለች። የገዛ ቤተሰብሽ ካመነ እኔ ምን ልስማ አለችኝ።

አጎቴ ላይ ልጮህ አፌን ከፍቼ እጃቸውን ሳይ እርስዎን አየሁ። እርስዎም እዚህ አገር መጀመሪያ የያዙት ቃል ስሊኻ ነበር። አውቶቡስ ላይ ሰው እግርዎን ሲረግጥዎት ስሊኻ የሚሉት እርስዎ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ከሥራ ልቀበልዎት መጥቼ፣ አለቃዎ ሌላ ሰው የደፋውን ዘይት እያሳየ ሲጮህብዎት ሰማሁ። ስሊኻ ብለው መጥረጊያውን አነሡ። መንገድ ላይ እጄን ይዘው፣ ልጄ፣ ቃል ነው፣ አይከብድም አሉኝ። እውነትም እርስዎ ሲሸከሙት የሚከብድ አይመስልም ነበር።

አሁን ምን አለ? ምንም። ከሀደራ ምዕራብ ጣቢያ ባቡር እየተሳፈርኩ ሐይፋንም ቴል አቪቭንም ጋራዥ ለጋራዥ ዞርኩ። አንዳንዱ ዘንድ ወሬው ቀድሞኛል፤ ያልሰማውም ያለ ተዑዳ አይሆንም ይላል። ኤራን ተዑዳውን ወስዷል። እማዬ አዛውንቶች ቤት ጽዳት አለ ትለኛለች፤ ሳልሄድ አልቀርም። በር ይከፈትልኛል ብዬ ብጽፍልዎት እዋሽዎታለሁ። ከጥፍሬ ሥር የነበረው ቅባት እንኳ ለቋል፤ የሚያስለቅሰኝ እሱ ነው።

ትናንት መቃብርዎ ሄጄ ነበር። ቢጫዋን ቀለም ይዣት ነው የሄድኩት። ድንጋዩ ከመሠረቱ ጋር የሚገጥምበት ላይ፣ ሰው በማያየው ጎን፣ አንድ መስመር አሰመርኩ። ዝናብ ያደበዝዘዋል። በየክረምቱ እየመጣሁ አድሰዋለሁ። ማረሻዎን፣ ያልተጨበጠውን እጅዎን፣ ተሸክመውት የኖሩትን ቃል አልረሳም።

አጎቴ ደግሞ ሚኪን ሄደን እናመስግነው፣ ምናልባት ይመልስሻል ይላሉ። አልሄድም። ቃሉ ይከብዳል፣ አባዬ። ተዑዳዬን ይከልክሉኝ፣ ሥራም ይንፈጉኝ። ባላጠፋሁት ግን ከእንግዲህ ማንም ይቅር እንዲለኝ አልቀበልም። በስሜ ጎንበስ የሚል ሽማግሌም፣ እርስዎ ከመቃብር ተነሥተው ቢመጡ እንኳ፣ አልቀበልም።