የህሊና እግር

ለልጄ አባት፣

እንዴት ከርመሃል? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? አሁንም ቆመህ ስታስተምር ትውላለህ ወይስ ወንበር አገኙልህ? እናትህስ እንዴት ናቸው? እኛ ሚዛን ያለነው፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። ይህን ቃል ዘንድሮ እንደ ዋዛ አልጽፈውም፤ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ድምፅህን ስሰማ ስለ ዝናቡ ጠይቄህ ዘጋሁት። ስለዚህ ጽፌ ለሾፌሩ ለቲቶ ሰጠሁት፤ አንተ ያለህበት ቱም ሲገባ በእጅህ እንዲያደርስልኝ አደራ ብዬዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ህሊና ትምህርት ስለሌላት እኔ ወደምሠራበት ቡና ማድረቂያ መጣች። ከእኛ ከሴቶቹ ጋር ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ስታገላብጥ፣ የተበላሸውን ስትለቅም ዋለች። እየሳቀች ነው የዋለችው። ቤት ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ካልሲዋ በደም ርሶ እግሯ ላይ ተጣብቋል። እጄን ጫማው ውስጥ ብሰድ ምስማር ሶሉን በስቶ ገብቷል። ቀኑን ሙሉ ስትረግጠው ውላለች። አላመመሽም ወይ ብላት ከእኔ ይልቅ እሷ ደነገጠች።

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የስኳር ሕሙማንን የምትከታተለው ሲስተር ማናልሞሽ ቁስሉን አጥባ ካሰረችላት በኋላ ዓይንሽን ጨፍኚ አለቻት። የዓሣ ማጥመጃ ክር የመሰለ ነገር ይዛ ጣቶቿንና ውስጥ እግሯን እየነካች፣ ሲሰማሽ አዎ በዪ አለቻት። ህሊና አዎ፣ አዎ ትላለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሲስተር እጇን ሰብስባ የራሷ ጭን ላይ አደረገችና፣ አሁንስ ብላ ጠየቀቻት። ልጃችን ዓይኗን እንደጨፈነች አዎ አለች። አሁንስ? አዎ። ማንም አልነካትም። እኔና ሲስተር ተያየን።

ኋላ ቀስ ብላ ስትጠይቃት እውነቱን ተናገረች። ከስድስት ወር በላይ ሆኗታል። መጀመሪያ እግሯን እንደ ጉንዳን ይወራት፣ ያቃጥላት ነበር፤ በኋላ ዝም አለ። ዝም ሲል የዳነች መስሏት ነበር። ሲስተር እንዳስረዳችኝ ስኳር ለዓመታት ከፍ እንዳለ ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል። በልጆች ላይ እንዲህ ጎልቶ ብዙ አይታይም፤ በእኛዋ ላይ ግን ጀምሯል። ስኳሯን ከያዝነው እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል፣ የተወሰነውም ሊመለስ ይችላል አለችኝ። ቃል ግን አልገባችልኝም።

መንገድ ላይ ለምን ዋሸሽ አልኳት። መናኸሪያውን አለፍን። ከዚያ፣ በእኔ ሕመም እንደገና ሽማግሌ ፊት እንዳትቆሙ ብዬ ነው አለችኝ።

እንግዲህ የእኔን ልንገርህ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ህሊናን ቱም እናትህ ቤት ስትወስዳት ጠቅልዬ የሰጠሁህ ኢንሱሊን የተበላሸ ነበር። መድኃኒቱ እንዲቀዘቅዝ የምንቀብርበትን አሸዋ ላርጥብ ብዬ ብልቃጦቹን ከማሰሮው አወጣሁና ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ረሳኋቸው። ሁለት ሳምንት ሙቀት ላይ ከረሙ። ሙቀት እንደሚያበላሸው ተነግሮኝ አውቃለሁ። ግን ያን ሰሞን ዝርክርክ ነሽ ብለኸኝ ተኳርፈን ነበር። አላልኩሽም እንዳትለኝ ብዬ ዝም አልኩ።

አንተ አንድ ቀን ሳታጓድል ወጋሃት። ስኳሯ አልወርድ ሲልህ ነው ጸበል የወሰድካት፤ መርፌውን ትተህ አልነበረም። ራሷን ስትስት አዝለህ መኪና ድረስ ሮጠህ፣ ሚዛን አድርሰህ ያተረፍካት አንተ ነህ። እኔ ግን ሽማግሌዎቹ ፊት፣ መርፌውን ከልክሎ ጸበል ብቻ አጠጣት አልኩ። አቶ ጴጥሮስ እውነት ነው ወይ ሲሉህ አልከለከልኩም ብለህ አንዴ ተናገርክና አቀረቀርክ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እውነቱን የማውቅ እኔ ነበርኩ። በሳምንቱ ልብስህን ይዘህ ሄድክ።

ይህን ከትናንት ወዲያ ለህሊና ነገርኳት። ታውቅ ኖሯል። ያኔ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ብልቃጦቹን መደርደሪያው ላይ አይታቸዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ለእኔ ብላ ዝም ብላለች። መዋሸትን ከየት ተማረች ብዬ ሌላ ሰው ልወቅስ አልችልም።

ዛሬ ጠዋት አቶ ጴጥሮስ ቤት ሄጄ ያን ጊዜ ዋሽቻለሁ አልኳቸው። ሚስታቸውም፣ ጎረቤቶቻቸውም እየሰሙ ነው የተናገርኩት። ከእንግዲህ ገበያ ላይ ሴቶች ቢጠቋቆሙብኝ ይጠቋቆሙ። ልጄ እግሯን እንዳትደብቀኝ የምፈልግ ከሆነ እኔ ቀድሜ መግለጥ አለብኝ።

አሁን እሷን የመንከባከብ ሥራ ይዘናል። ስኳሯን በቀን አራት ጊዜ ትለካለች፣ ደብተር ላይ ታሰፍራለች። ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ታጥባለች፤ ውሃውን በክርኔ የምለካላት እኔ ነኝ፣ የእሷ እግር አይታመንም። በመስታወት ውስጥ እግሯን ታያለች። እኔ አላስገድዳትም፤ ትናንት ከእኔ ቀድማ ጫማዋን አራግፋ፣ እጇን ሰዳ ዳብሳ ስታደርግ አየኋት። መምህሯም መርፌዋን ቢሮ ውስጥ እንድትወጋ ፈቅደውላታል። እስከዛሬ ሽንት ቤት ተደብቃ ነበር የምትወጋው፤ አንዳንዴም ሰው ካለ ትተወው ነበር። ይህንንም የነገረችኝ በዚህ ሳምንት ነው።

ቀጠሮዋ የፊታችን ወር የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ሲስተር እግር ማየቱን እንድትማሩ ሁለታችሁም ኑ ብላለች። ይቅር በለኝ ብዬ ልጫንህ አይደለም፤ እሱ የአንተ ነው። ለልጅህ ግን ና። ረቡዕ ማታ ከደረስክና ከሥራ ካልተመለስኩ ውጭ አትቁም፤ የበሩን ቁልፍ አልቀየርኩትም።

እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ ብላለች ብለህ ሳምልኝ። መንገድህን ያቅናልህ፣ እጅህን ከመድኃኒት ጋር ያስማማልህ፤ ለልጃችንም የሚረግጥና የሚሰማ እግር ይስጣት።

የህሊና እናት