ደሴ ላይ የመረጥከው አምፕሊፋየር

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰቆጣ ደህና ናት፤ ቤታችን ግን ደህና አይደለም። እማዬ ጠቅልላ አምደወርቅ ወንድሟ ዘንድ ሄዳለች። የሄደችው በእኔ ነው። አንድ ነገር ነገርኳት፤ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሱ ንገሪው» ብላ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። ስለዚህ ልንገርህ።

የባህል ቡድኑ አምፕሊፋየር ተቃጥሎ ለሻደይ በዓል ሌላ እንድትመርጥ ደሴ የላኩህ ጊዜ፣ በዋግ ካንተ ጆሮ የሚበልጥ የለም ብለው ነበር። እኔንም ይዘኸኝ ሄድክ። መንገድ ላይ በበዓሉ አንድ ዘፈን ብቻ እንድጫወት ለመንኩህ። «አንቺ ሽቦውን ያዥልኝ፤ እሱ ይበቃሻል» አልክ። ሹፌሩም አብሮህ ሳቀ። ጊታር ካስተማርከኝ አስራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ደሴ ስንደርስ ሬዲዮ ጠጋኙ ሽማግሌ ሁለት አሮጌ አምፕሊፋየሮች አወጣልን፤ በውስጣቸው እንደ አምፖል የሚግሉ የብርጭቆ ቫልቮች ያሏቸው፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ቡናማ። «አዲስ ቢወስዱ አይሻልዎትም?» ሲልህ «የእነዚህ ድምፅ ሥጋ አለው» አልከው። ዓይን ያታልላል ብለህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክ። መጀመሪያ በግራጫው፣ ቀጥሎ በቡናማው አንድ ዜማ ተጫወትኩልህ። ግራጫው እየጋለ ሲሄድ ከሥሩ ይንጫጫል። ቡናማው ግን ሙሉ ነበር።

«ሁለተኛው» አልክ፣ ሳትጠራጠር።

ወዲያው መብራት ጠፋ። ሽማግሌው ደንበኛ ጠርቶት ደጅ ወጥቶ ነበር። ዞረህ «ሁለተኛው የትኛው ነው?» አልከኝ።

ግራጫውን አሳየሁህ። እጄ ስቶ አይደለም።

ሰቆጣ ገብተን ስትሰካው ፊትህ ተለወጠ። «ይሄ ያ አይደለም» አልክ። «ያው ነው አባዬ፤ አንተ የመረጥከው ነው» አልኩህ። መንገዱ አናውጦት ይሆናል ብለህ ቫልቮቹን አንድ በአንድ እያወጣህ ጠረግህ። ለውጥ የለም። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አላነሳህም።

በበዓሉ መድረክ ላይ፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ስትደርስ ጩኸቱ በረታ። ክሩ የላላ መስሎህ ቃኘህ፤ ደግመህ ቃኘህ፤ ደህናውን ቅኝት አበላሸኸው። ሰው ሳቀ። ጊታሩን ከአንገትህ አውልቀህ ሰጠኸኝና «ጆሮዬ ከድቶኛል፤ አንቺ ጨርሺው» አልክ። የጩኸቱን ምክንያት ስለማውቅ ድምፁን ቀንሼ ጨረስኩት። ተጨበጨበልኝ።

ከዚያ ወዲያ ዜማ አበላሻለሁ ብለህ በየሰንበቱ ከምትቆምበት ማኅሌት ሸሸህ፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመህ ታስቀድስ ጀመርክ። ጤና ጣቢያ ወስጄህ ባለሙያው «ጆሮዎ ጤነኛ ነው» ሲልህ አላመንከውም። ወደ እኔ ዞረህ አየኸኝ። አንድ ቃል እየጠበቅህ ነበር። በማግስቱ ቡድኑ በአንተ ቦታ ይዞኝ ጋዝጊብላ ለትርኢት ሊወጣ ነበር። ዝም አልኩ።

ታመህ በተኛህበት ሁለት ወርም ዝም አልኩ። ጊታሩን አምጥቼ ልጫወትልህ ስል እጅህን አነሳህ፤ «ተይው ልጄ፤ ብታበላሺውም አላውቀውም» አልክ።

በቀደም ለቡድኑ አለቃ ይህን ሁሉ መድረክ ላይ ልናገር አልኩት። «ለሞተ ሰው ምን ይጨምርለታል? አርፈሽ ተጫወቺ» አለኝ። አልዋሽህም፣ እፎይ አልኩ። ቦታህን እወደዋለሁ፤ አልለቅም። የወሰድኩትን ይዤ ይቅርታ ልጠይቅህ ደግሞ አፍራለሁ።

አንድ ቃል ግን እገባልሃለሁ። የማስታውስህ በተዝካርህ ቀን ብቻ አይሆንም። በተጨበጨበልኝ ቁጥር ጊታሩን ስትሰጠኝ የነበረው ፊትህ ይመጣብኛል፤ ይምጣ፣ አላባርረውም። ሲመጣብኝ ቀና ማለት ስለማልችል አንገቴን እደፋለሁ። ሰዉ እጅ የነሳሁ መስሎት ጨምሮ ያጨበጭባል።

ልጅህ ዝናሽ