የገደል ቢጫ ሥሩ አይወቀጥም

እኔ፣ በዚህ ሰፈር «መድኃኒተኛዋ» የምባለው፣ ዛሬ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይጓደል፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በጎረቤቶቼ በአናጺው፣ በአዋላጇና በልብስ ሰፊው ፊት ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የሚጽፈው ልብስ ሰፊው ነው፤ እንደ ቀሚሴ ነገ ነገ እንዳይለኝ አደራ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከማድ ቤት የሚሰማው ሙቀጫ ይቁም። አናጺው ፈጥኖ ሄዶ ዘነዘናውን ከሴቷ ልጄ እጅ ይቀበላት። የምትወቅጠው የገደል ቢጫ የተባለውን የተራራ አበባ ሥር ነው። መድኃኒቱ አበባው ነው፤ ሥሩ መርዝ ነው። የምትወቅጠውም ሳል ይዟት ለምትጨነቀው ለልጅ ልጄ ነው።

አናጺው ተመልሷል። ሕፃኗ ገና አልቀመሰችም። ጻፍ።

በልጄ ላይ አትፍረዱባት። ይህ ሙያ ከእናቴ ወደ እኔ የመጣው በጆሮ ነው፤ ለአንድ ወራሽ፣ ለብቻው፣ በር ተዘግቶ። ሁለት ሰው ከሰማው ፈውሱ ይጠፋል ተብዬ ተቀበልሁ። ከተራራው ስወርድም ሰው እንዳይነቃብኝ ሥሩን ከቅርጫቱ አናት አደርጋለሁ፣ አበባውን ከታች እሸሽጋለሁ። የእናቴም ዘዴ ይኸው ነበር። ባዳ ላታልልበት የተሸከምሁት ሥር የገዛ ልጆቼን አታለለ።

ለሴቷ ልጄ ልነግራት ቆርጬ ነበር። የበኩር ልጄ ግን ከታመምሁ ጀምሮ ከክፍሌ በር አልተነሣም። «እሷ ብቻዋን ከገባች እኔም ብቻዬን እገባለሁ» ይላል። እሷም በመስኮት «እማዬ፣ አፈር ስሆን ለእሱ አትንገሪው፤ ለልጄ አንዲት ጠብታ አይሰጠኝም» ትለኛለች። እነሱ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ሕፃኗን ትንፋሽ አጠራት።

ስለዚህ ለሁላችሁም እናገራለሁ። ፈውሱ ቢጠፋ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። ፈርቻለሁ፤ እየፈራሁም እናገራለሁ።

አበባው ገና እንቡጥ ሳለ ይቀጠፋል። በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐይ ካየው አይረባም። ውኃው ፈልቶ ከእሳት ይወርዳል፣ አበባው ከዚያ በኋላ ይጨመርበታል፣ ተከድኖ ይቆያል። እሳት ላይ ሳለ የጨመረበት ሰው ለታማሚው ትውከት እንጂ ሌላ አያተርፍለትም። ለልጅ ለብ ሲል በማንኪያ ነው። ቅጠሉ ለቁስል ነው፤ ታሽቶ ይታሰራል። ሥሩ መሬቱ ውስጥ ይቅር፤ እሱ ከተነቀለ ለከርሞ የሚቀጠፍ አይኖርም።

የደረቀው አበባ የተንተራስሁት ትራስ ውስጥ ነው። አዋላጇ፣ ስፌቱን ፍቺው። ስለ አንገቴ አትጨነቂ፣ ቶሎ በይ።

ቤቱን እኩል ይካፈሉ። የበሩ ክፍል ግን ለበኩሬ ይሁን፤ ከበሩ ጋር ተላምደዋል። ቅርጫቱ የሴቷ ልጄ ነው። ከእንግዲህ አበባውን ከላይ አድርጋ፣ ሰው እያያት ትውረድ።

ሳሉ እስካሁን ይሰማኛል። ይሰማኝ፤ እስከሰማሁት ድረስ ሕፃኗ አለች። ለራሴ የምለምነው የለኝም።

ይህ ቃል ተነብቦላቸው፣ «ቃሌ ነው» ብለው የቀኝ አውራ ጣታቸውን አትመዋል።

ምስክሮች፦ አናጺው፣ ፈርሟል። አዋላጇ፣ ፈርማለች።
ጸሐፊ፦ ልብስ ሰፊው፣ ፈርሟል።

የበኩር ልጃቸው ቀርቦ እንዲፈርም ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ነበር። ውኃው ሳይፈላ ከምድጃው አልነሣም ብሏል።