የቃሬዛውን ፊት የያዘው

ኅዳር 12 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ቁሐር ሚካኤል

ሰባ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ላሜን ራሴ አልባለሁ፤ ወረታ ገበያም ያለ በቅሎ ደርሼ እመለሳለሁ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ተገኘ የሚሉትን እኩያዬንና ጎረቤቴን፣ «ዛሬም ታነክሳለህ? ሥራ ሲመጣ ነው የሚያምህ» ብዬ እንደ ልማዴ ቀለድሁበት። እሱ ሳቀ። ሚስቱ ግን፣ «አያ ካሴ፣ ሚስትዎ የተቀበሩ ለት እኮ ነው እግሩን እንጨት የወጋው» አለችኝ።

ሚስቴ የሞተች ክረምት ሜዳው ባሕር ሆኖ ነበር። የጥሩወርቄን ሬሳ በውኃ ሲያሻግሩ የቃሬዛውን ፊት የያዘ ተገኘ ነው። በድንበር ተጣልተን ስለነበር «ለታይታ ነው የመጣ» ብዬ አምቼዋለሁ። ለካ እሷን ውኃ እንዳይነካት ብሎ እግሩ እየደማ ሳያወርዳት ተሻግሯል።

«ምነው ሳትነግረኝ?» አልሁት።

«ለአንተ ብዬ መሰለህ? ለሚካኤል ብዬ ነው።»

ጥሩወርቄ ብትኖር፣ «አንተ ይቅርታ ከምትል ግንድ ብትሸከም ይቀልሃል» ትለኝ ነበር።

ይህን ዕዳ ልጆቼ አይከፍሉልኝም፤ እኔው ነኝ። የወደቀ አጥሩን አጥርለታለሁ። ድንበሩን እሱ ባለው እተወዋለሁ። ባማሁት ሰው ፊት ሁሉ ቃሌን እመልሳለሁ። በሞት ከቀደመኝ የቃሬዛውን ፊት እይዛለሁ። እኔ ከቀደምሁ ግን፣ ያው እሱ በዚያ እግሩ ሊሸከመኝ ነው…